ድምፁን ቆርጬ ያስቀረሁት ዘፈን

እናቴን በ2000 ዓ.ም. ክረምት ስትሮክ መታት። ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ አሏት። ቀን ቀን ጎረቤት ይገባል ይወጣል፤ ቡና ይፈላል፤ የሚያጫውታት አይጠፋም። የከበደን ሌሊቱ ነበር። እንቅልፍ እምቢ አላት። እኔም ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ እያገላበጥኳት አድራለሁ። አስታሞ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ቤቱ ራሱ የሚጠብ ይመስላል።

አንድ ሌሊት የትንሿን ሬዲዮ ማዞሪያ ሳዞር አንድ ድምፅ ላይ ቆምኩ። ዝግ ያለ፣ ትንሽ የሻከረ የወንድ ድምፅ ነው። "ሸክላው ተጭሯል፤ ግን ታገሱት፣ ደግ ዘፈን ነው" አለ። ከዚያ መርፌው ሲያርፍ ተሰማ። ሸክላው ተንኮሻኮሸ። ሳክስፎን ገባ። እማዬ ዓይኗን ገለጠችና "ይሄን እኮ ካገባሁ ወዲህ አልሰማሁትም" አለች። በዚያ ሌሊት ስለ ሰርጓ አወራችልኝ። ከታመመች ጀምሮ ያን ያህል ስታወራ የመጀመሪያዋ ነበር።

የአቅራቢውን ስም አልጽፍም፤ ቤተሰቡ ጸጥታን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። እኛ ቤት ጋሼ ነበር የምንለው። የሚደውሉለትም ሁሉ ጋሼ ይሉት ነበር። በሳምንት ሦስት ሌሊት ይመጣል። ዘበኛው፣ ባለታክሲው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ተረኛ ነርሷ፣ እንቅልፍ ያጣው ሁሉ ይጠብቀዋል። ሌላ ቦታ የማይሰሙ የድሮ ዘፈኖችን ያሰማል። አብዛኞቹ የራሱ ሸክላዎች ናቸው፤ ከቤቱ በፌስታል ይዟቸው ነበር የሚመጣው።

ያ ሙዚቃ ለምን ብርቅ እንደሆነ የተማርኩት ከእሱ ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህን ተዳፍሮ የራሱን ሸክላ ማውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ያወጣው ዓለማየሁ እሸቴን ነው። ሸክላዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ በአንዱ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በጀርባው ሌላ አንድ። የሚታተሙት ውጭ ሀገር ነው፤ ብዛታቸውም ጥቂት ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊት ክበቡም ቀዘቀዘ። አምሃ አሜሪካ ገባ። ካሴት ሲመጣ ደግሞ ሸክላ ማሳተም ቀረ። ታዋቂዎቹ ዘፈኖች ወደ ካሴት ተሻገሩ። በሸክላው ጀርባ ያሉት ግን ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። ጋሼ የሚፈልገው እነዚያን ነበር። "ዛሬ የጀርባውን ነው የማሰማችሁ" ይል ነበር ሁልጊዜ።

ዘፋኙን ብቻ ጠርቶ አያልፍም። ግርማ በየነ ያቀናበረውን ሲያሰማ አቀናባሪውን ይጠራል። ነርሲስ ናልባንዲያን በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ስንቱን ሙዚቀኛ እንዳሰለጠነ ይናገራል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን እንዴት እንዳመጣው እያስረዳ በአፉ ያንጎራጉራል። ከክቡር ዘበኛና ከፖሊስ ኦርኬስትራ ከኋላ ተቀምጠው የነፉትን፣ ማንም የማያስታውሳቸውን ሰዎች ይጠራል። እማዬ በጤነኛ እጇ ብርድ ልብሱን መታ መታ እያደረገች ትሰማለች። ለእኔ ግን ያኔ ወሬው ረዘመብኝ። ዘፈኑን ነበር የምፈልገው።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

መጀመሪያ ላይ የምቀዳው በድሮ ቴፕ ነበር። ቴፑን ከሬዲዮው አጠገብ አስቀምጬ የራሱን ማይክ እከፍታለሁ። ታዲያ የክፍሉ ድምፅ ሁሉ አብሮ ይገባል። ውሻ ይጮኻል፤ እማዬ ትስላለች፤ አልጋው ይንቋቋል። በጣም ነበር የሚያናድደኝ። "እማዬ፣ እባክሽ ዝም በይ፣ እየቀዳሁ ነው" እላታለሁ። እሷም ዝም ትላለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቤይሩት የምትሠራው እህቴ ሬዲዮም ቴፕም አንድ ላይ ያለው ዕቃ ላከችልን። አሁን በቀጥታ መቅዳት ተቻለ። ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ደስ ብሎኝ የመጀመሪያዎቹን ካሴቶች አንድ በአንድ አወጣሁና በላያቸው ላይ ቀዳሁባቸው። ውሻው፣ ሳሉ፣ አልጋው ሁሉ ጠፋ። የእናቴ ድምፅም አብሮ ጠፋ። ያኔ ግን እንደዚያ አላሰብኩትም፤ ካሴት የቆጠብኩ ነበር የመሰለኝ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ጣቴ ነው። ካሴት ውድ ነበር። የሥልሳ ደቂቃው በንግግር እንዳይሞላብኝ ጋሼ ማውራት ሲጀምር ፖዝ እጫናለሁ፤ ዘፈኑ ሊገባ ሲል እለቀዋለሁ። በጊዜ ብዛት በጣም ጎበዝ ሆንኩ። ትንፋሽ ሲስብ አውቀዋለሁ። አንዲት ቃሉ እንኳን አታመልጠኝም፣ ሁሉንም እቆርጣለሁ።

በ2001 ፋሲካ ጥላሁን ገሠሠ አረፈ። የዚያን ሳምንት ሌሊቶች ሰው ሁሉ ያስታውሳቸዋል። ጋሼ መናገር አቅቶት ቆመ። ለረጅም ጊዜ ዝምታ ሆነ። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ ነው ያወቅኩት። እማዬ ታለቅስ ነበር። እኔ ግን እንደ ልማዴ ፖዙን ይዤ ዘፈኑ እስኪገባ እየጠበቅኩ ነበር። ከዚያ ሳምንት ስድስት ዘፈን አለኝ። ያ ዝምታ የለኝም።

እማዬ አንድ ነገር ትለምነኝ ነበር። የብዙነሽ በቀለ አንድ ዘፈን አለ፤ ሰርጓ ላይ የተጫወተ። "ደውይለትና አሰማኝ በይው" ትለኛለች። እኔ ደግሞ አየር ላይ መናገር አፍራለሁ። ነገ እላታለሁ። መስመሩ ተይዟል እላታለሁ። አንዳንዴ ሳልሞክር ነበር ተይዟል የምላት። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን አስታማሚ የሆናችሁ እንድታነቡት እፈልጋለሁ። የታመመ ሰው የሚለምነው ነገር ትንሽ ሲሆን ማስተላለፍ ቀላል ይመስላል። ትንሽ ስለሆነ ነው በዚያው ቀን መደረግ ያለበት።

ኅዳር 2003 ላይ እናቴ አረፈች።

አርባዋ ካለፈ በኋላ አንድ ሌሊት ደወልኩ። መስመሩ ወዲያው ተነሳ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አየር ላይ መናገር አልችልም፣ እባክዎን መልእክቴን ብቻ ይቀበሉኝ አልኩት። "እሺ እህቴ፣ የእናትሽ ስም ማን ይባላል?" አለኝ። ነገርኩት። ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቀኝ። ሰፊ ነበረች አልኩት፤ ልብስ ሰፊ። ስንት ዓመት ሌሊት ሌሊት አብረን እንደሰማነው ነገርኩት። ስልኩን ዘጋሁና ወደ ቴፑ ሮጥኩ።

ሁለት ዘፈን አሰማና ተራዋ ደረሰ። ስሟን ጠራ። ስለ እሷ ብዙ ነገር አለ። ስለ ስፌት መኪና ድምፅና ስለ ከበሮ ምት የሆነ ነገር አለ፤ በጣም ቆንጆ ነገር ነበር። ቃሉን አላስታውሰውም፤ እያለቀስኩ ነበር። ከዚያ ዘፈኑ ገባ። ሲያልቅ የጀርባውንም ደገመልን።

ጠዋት ካሴቱን ወደኋላ አጠንጥኜ ከፈትኩት። ከመጀመሪያው የመለከት ድምፅ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ምንም የለም። ጣቴ እንደ ልማዱ ፖዙን ተጭኖት ነበር።

ያኔም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። ጋሼ አለ ብዬ ነው። ሌላ ጊዜ እደውላለሁ፤ ደግሞ ይጠራታል ብዬ። ፕሮግራሙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ። ሥራ በዛብኝ፣ ልጆች መጡ። በሰኔ 2013 ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ ማረፉን ሰማሁ። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ፤ የት እንደምሄድ ግን አላውቅም ነበር።

ለቅሶ ቤቱን ጠያይቄ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ያየሁትን አልረሳውም። እርስ በርስ የማይተዋወቅ ሰው ነው የተቀመጠው። ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ዘበኛ፣ አንድ ባለታክሲ፣ ሁለት ነርሶች፣ ዱቄት ከጫማው ላይ ያልጠፋ ጋጋሪ። ሁሉም የሌሊት ሰዎች ናቸው። "እርስዎስ እንዴት ያውቁታል?" እየተባባሉ ይጠያየቃሉ። መልሱ አንድ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ነርስ "ስንት ሌሊት አብሮኝ አድሯል" አለች።

ያን ዕለት ማታ ካርቶኑን ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኩ። አርባ ሦስት ካሴት። ድምፁን ልሰማው ነበር የፈለግኩት። ከአንድ እስከ አርባ ሦስት በየተራ ከፈትኩ። ዘፈን፣ የፖዙ ቀጭ ማለት፣ ዘፈን። የትም የለም። አሥር ዓመት ሙሉ ሀብቴ ብዬ ያስቀመጥኩት ካርቶን ውስጥ ሰውየው የለም።

ከዚያ በኋላ የሠራኋቸውን ስህተቶች እናንተ እንዳትደግሙ ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ተቻኩዬ ስከፍት ቴፑ ሁለት ካሴት በላብኝ። ለዓመታት ያልሠራ ቴፕ ውስጡ ያለው ላስቲክ ይላላል፤ ይቀልጣልም። ስለዚህ ውድ ካሴታችሁን ከመክተታችሁ በፊት በማትሳሱለት ካሴት ሞክሩት። ድምፁ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚጎተት ከሆነ ላስቲኩን አስቀይሩ። ሄዱን፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበውን ትንሽ ብረት፣ ደግሞ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮልና በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጥረጉት። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ንጹሕ እስኪወጣ ድገሙት፤ አልኮሉ እስኪደርቅም ጠብቁ።

ካሴቱን በብርሃን እዩት። ጥቅሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና አትክፈቱት። ሄዱ ላይ ይቀርና ወደ ሌላው ካሴት ይሻገራል። እንዲህ ያለውን ለብቻው አስቀምጣችሁ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ደህና የሆነውን ግን አስቀድማችሁ አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥኑትና መልሱት። ለዓመታት ተጣብቆ የኖረ ነው፤ ቀስ ብሎ ይላቀቅ። ቴፑን ካላመናችሁት በቢክ እስክሪብቶ አዙሩት፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይበላባችሁም። ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ደግሞ ዛሬውኑ ስበሯቸው። እነሱ ከተሰበሩ ማንም በስህተት አይቀዳበትም። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ የእናቴ ድምፅ ዛሬ ሳጥን ሙሉ ይሆን ነበር።

ሌላው ስህተቴ ካሴቶቹን ለቅጂ ቤት ሰጥቼ መሄዴ ነው። ልጁ ደግ ነው፤ ያስደሰተኝም መስሎት ነው። በኮምፒውተር "አጸዳልኝ"። መንኮሻኮሹን አጠፋው፣ ከሱ ጋር የጸናጽሉንና የትንፋሹን ድምፅ አጠፋው። ዘፈኑ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ መሰለ። በፍላሽ ሰጠኝ፣ ፍላሹም በዓመቱ ተበላሸ። ደግነቱ ካሴቶቹን አልጣልኳቸውም። እናንተም አትጣሉ፤ ከገለበጣችሁ በኋላም ቢሆን።

አሁን ራሴ ነኝ የምገለብጠው። ከባድ አይደለም። ከቴፑ የኢርፎን ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ኦዳሲቲ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ እሱ ይቀዳል። ስልክ ከድምፅ ማጉያው ፊት ደቅኖ መቅዳት ሌላ አማራጭ የጠፋ ዕለት ብቻ ነው። የድምፁ መለኪያ ቀይ እስኪነካ አትልቀቁት፤ ዝቅ ያለ ቢሆን ይሻላል፣ ከፍ ማድረግ በኋላም ይቻላል። ፋይሉን በዌቭ አስቀምጡት፤ ድምፁን ሳይጨምቅ እንዳለ የሚያኖር የፋይል ዓይነት ነው። በደቂቃ አሥር ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ የሥልሳ ደቂቃ ካሴት 600 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ብዙ አይደለም። ለዘመድ በቴሌግራም የምትልኩትን ኤምፒስሪ፣ የተጨመቀውን ትንሽ ፋይል፣ ከዚያ አውጡ እንጂ ዋናውን ቅጂ ኤምፒስሪ አታድርጉት። ማጽዳት ከፈለጋችሁም ቅጂው ላይ ይሁን። እኔ ሦስት ቦታ ነው ያስቀመጥኩት፤ አንዱ ቤት፣ አንዱ ወንድሜ ጋ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ ለእኔ ብቻ በሚከፈት ቦታ።

ሄዱ ሲስተካከል ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ ደግሞ መርካቶ ያሉ አንድ ሽማግሌ ቴፕ ጠጋኝ ናቸው ያሳዩኝ። ከሄዱ ጎን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ካሴቱ እየተጫወተ እሷን በጥቂቱ ሲያዞሯት የታፈነው ዘፈን ድንገት ይከፈታል። "ይሄ ካሴት በሌላ ቴፕ የተቀዳ ነው፤ የሄዱ አቀማመጥ ይለያያል" አሉኝ። የታፈነ ካሴት ሁሉ የሞተ አይደለም።

ጣቢያውን ጠይቄ ነበር። ከጋሼ ሌሊቶች የተረፈላቸው ጥቂት ብቻ ነው። በቀጥታ የሚተላለፍ የሌሊት ፕሮግራም ነበር፤ ማንም ቀድቶ ያኖረዋል ብሎ አላሰበም። የምትወዱት የሬዲዮ ሰው ካለ ጣቢያው ያስቀምጠዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ቅዱት፤ ከመግቢያው እስከ መሰናበቻው ቅዱት፤ ፖዝ አትንኩ። ማስታወቂያውም ይግባ። ካሴቱ ወይም ፋይሉ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት። እኔ "ምርጥ 7" እያልኩ ነው የጻፍኩት፤ አሁን የትኛው የየትኛው ዓመት እንደሆነ በግምት ነው የማውቀው።

ድምፁን ያገኘሁት በሽማግሌው ዘበኛ በኩል ነው። ለቅሶ ቤት አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ካሴቶቼ ሳወራ "እኔ ጋም አለ" አሉኝ። ቤታቸው ስሄድ አሥራ አንድ ካሴት አወጡልኝ። እሳቸው ዘፈን የመምረጥ ጊዜ አልነበራቸውም። ቴፑን ከፍተው ግቢውን ሊዞሩ ይወጣሉ። ሲመለሱ ካሴቱ አልቆ ቆሟል። ስለዚህ ሁሉም ነገር አለ። መግቢያው፣ ስልኩ፣ ሳሉ፣ ሳቁ፣ ሸክላውን ሲገለብጥ የሚሰማው ኮሽታ። መጀመሪያ ስንከፍተው ሁለታችንም አልተነፈስንም። ሰውየው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

የእናቴ ስም የተጠራበት ሌሊት ከአሥራ አንዱ ውስጥ የለም። አንድ ሌላ ሰው ጋ ይኖር ይሆናል። እየጠየቅኩ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር 2003 ሌሊት የተቀዳ፣ ልብስ ሰፊ ስለነበረች እናት የሚያወራበት ካሴት ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ አትቅዱበት።

ባለፈው ዓመት የእማዬን ስፌት መኪና ለማሠራት መሳቢያውን ባዶ ሳደርግ ከቁልፍና ከክር ሥር አንድ ካሴት ወጣ። ምንም አልተጻፈበትም። መጀመሪያ ፕላስቲኮቹን ሰበርኩ። በቢክ አጠነጠንኩት። ሄዱን ጠረግኩ። ከዚያ ከፈትኩት።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ በማይክ የተቀዳ። እሷ ደብቃው መሆን አለበት፤ ለምን እንደደበቀችው አላውቅም። ውሻ ይጮኻል። አልጋው ይንቋቋል። ዘፈኑ ከሩቅ ይሰማል፣ ጥራት የለውም። ሲያልቅ እማዬ "ማነው ግን ይሄ ልጅ?" ትላለች። ከሬዲዮው ጋሼ፣ የሰማት ይመስል፣ "ምኒልክ ወስናቸው ነበር" ይላል። "አዎ፣ ምኒልክ" ትላለች እሷ። ቀጥሎ የእኔ ድምፅ ይመጣል፤ ወጣት ነኝ፣ ደክሞኛል። "እማዬ፣ እየቀዳሁ ነው።"

ዝም ትላለች። ጋሼ ሸክላውን ይገለብጣል። የጀርባው ዘፈን ይጀምራል። ጆሮዬን አስጠግቼ ስሰማ፣ ከዘፈኑ ሥር፣ አፏን ሳትከፍት ታንጎራጉራለች።